በመቀነት የተቋጠረ ጽጌረዳ፦ ማርሴሊን ደቦርድ-ቫልሞርን የሚያውቃት አለ?

ብራስልሷ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ አንዲት ዘጠኝ መስመር ግጥም እንቅልፍ ብትነሣኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት መምህራችን የፈረንሳዊቷን ገጣሚ የማርሴሊን ደቦርድ-ቫልሞርን ግጥም በወረቀት አባዝታ አደለችን፤ ርዕሱ «የሳዲ ጽጌረዳዎች» ይላል። ሴትዮዋ ጠዋት ለምትወደው ሰው ጽጌረዳ ልታመጣለት ትወጣለች። እየቀጠፈች መቀነቷ ውስጥ ትቋጥራለች፣ ትቋጥራለች፤ ከመብዛቱ የተነሣ ቋጠሮው አልችል ብሎ ይለቃል። አበባው በነፋስ ተወስዶ ባሕር ውስጥ ይገባል፣ ማዕበሉ ቀልቶ እሳት የተያያዘ ይመስላል። ማታ ባዶ እጇን ትመጣና «ቀሚሴ አሁንም ያውዳል፤ ትዝታውን ከላዬ ላይ አሽትት» ትለዋለች። አለቀ።

የክፍል ጓደኞቼ «ሴንቲዩር» የሚለውን ቃል ሲያዩ የሱሪ ቀበቶ ነው የታያቸው፤ አበባ በቀበቶ እንዴት ይያዛል ብለው ግራ ተጋቡ። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ የዕቁብ ብሯንም፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍም፣ ለእኔ የምትደብቀውን ከረሜላም የምትቋጥረው መቀነቷ ላይ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳይ የተወለደች ሴት ስለ እናቴ ወገብ የጻፈች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሕይወቷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እዚሁ ብራስልስ ውስጥ በላ ሞኔ ቲያትር ቤት ተጫውታለች፣ እዚሁ በ1817 አግብታለች፣ ከዚያ በፊት በ1816 የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችውም እዚሁ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ሥራ ስሄድ በዚያ ቲያትር ቤት ደጃፍ ነው የማልፈው፤ እስካሁን ሕንጻ ነበር፣ አሁን ሰው ያለበት ሆነብኝ።

ጥያቄዬ፦ ይህችን ሴት የሚያውቃት አለ? ግጥሟን ወደ አማርኛ የመለሰስ? እኔ ስሞክር ትርጉሙ ይመጣል፣ ዜማው ይጠፋል።

---

ውኃ ልክ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡15

እንኳን ደህና መጣሽ። ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ገብቼ ሳይ ግን «ፈር ቀዳጅ» የሚል ቅጽል በየቦታው ተለጥፎባታል። ፈሩን የቀደደችው የት ላይ ነው? ማሪ ደ ፍራንስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በግጥም ስትተርክ ነበር። ክሪስቲን ደ ፒዛን በ25 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ቤተሰቧን በብዕሯ ያስተዳደረች ናት። ሉዊዝ ላቤ የፍቅር ግጥሞቿን በ1555 ሊዮን ውስጥ አሳትማለች። ከሦስቱ በኋላ በ1786 የተወለደች ሴት «ቀዳጅ» ስትባል አልገባኝም። መቀነቱ ደስ ይላል፤ ግን ናፍቆት ሚዛን አያስትሽ።

---

የጡረታ ጠመኔ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ፈረንሳይኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ክር ዓይቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

ውኃ ልክ ልክ ነው፤ ሦስቱም ቀድመዋታል። ማርሴሊን የቀደመችው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፈረንሳዮች የሮማንቲክ ግጥማቸውን ልደት የሚቆጥሩት ገጣሚው ላማርቲን «ማሰላሰሎች»ን ካሳተመበት ከመጋቢት 1820 ነው። የእሷ የመጀመሪያ መድብል የወጣው በ1819 ነው። «እኔ» ብሎ የሚናገር፣ የሚያፈቅር፣ የሚያዝን፣ ከአማልክት ስም ዝርዝር ይልቅ የራሱን ደጃፍ የሚጠራ ድምፅ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቀድሞ ተሰምቷል። ላማርቲን ራሱ በኋላ ግጥም ጽፎላታል።

ማን እንደነበረችም ይታይ። የተወለደችው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ዱዌ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የመኳንንት ጋሻና አርማ ሠዓሊ ነበር። አብዮቱ መጥቶ መኳንንት ይቅር፣ አርማም ይቅር ሲባል የአባቷም እንጀራ አብሮ ቀረ። እናቷ ባሏንና ሌሎቹን ልጆቿን ትታ፣ ማርሴሊንን ብቻ ይዛ፣ በካሪቢያን ባለችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ጓድሉፕ ደሴት ላይ ሀብታም ዘመድ አለኝ ብላ ውቅያኖስ ተሻገረች። ለመርከቡ ገንዘብ እየተጠራቀመ የነበረው ልጅቷ በየከተማው መድረክ ላይ እየተጫወተች ነው። ሲደርሱ ያገኙት ቢጫ ወባና አመፅ ነው። በ1794 የቀረውን ባርነት ናፖሊዮን በ1802 መልሶ ሲተክል ሉዊ ዴልግሬስ የሚባል መኮንንና ጓዶቹ እጅ ከመስጠት ባሩድ ለኩሰው አብረው ያለቁት በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ደሴት ነው። እናቲቱ በወባው ሞተች። ልጅቷ በአሥራ ስድስት ዓመት አካባቢ ብቻዋን በመርከብ ተመለሰች።

መደበኛ ትምህርት የላትም። ላቲን የላትም። ሩዋን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ እየዞረች በመድረክ ላይ እየዘፈነች ያደገች ሴት ናት። የዘመኑ ገጣሚዎች ከመጽሐፍ የተማሩትን እሷ በጉሮሮዋ ነው የተማረችው። «ቀዳጅ» የሚለው እዚህ ላይ ነው እንጂ የመጀመሪያዋ ሴት ስለሆነች አይደለም።

---

ፈረንሳይ ለጋሲዮን — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ከሰፈሬ ስም የተነሣ ይህን ክር መክፈት ግዴታዬ ነው 😄

መምህር ለትልቅነታቸው ሲሉ ያለፉትን ሐሜት እኔ ላምጣው። ግጥሞቿ ውስጥ «ኦሊቪዬ» እያለች የምትጠራው ሰውዬ ማነው? ስሙን እስክትሞት አላወጣችውም። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት አንሪ ደ ላቱሽ በሚባል ጸሐፊ ላይ ነው፤ የአንድሬ ሼኒዬን ግጥሞች በ1819 ሰብስቦ ያሳተመው ሰው ነው። አሁን ጆሯችሁን አቅርቡ። የላቱሽ የክርስትና ስም ኢያሰንት ነው። ማርሴሊን በ1821 ለወለደቻት ሴት ልጅ የወጣላት ስም ምን ይመስላችኋል? ኢያሰንት! ባልየው አቶ ቫልሞር ደግ ሰው ነበር ይባላል። ደግ ባይሆን ጉድ ነበር።

---

ወለላ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አንተ ሰውዬ ሁልጊዜ የሰው ጓዳ። 😅 ሴት ስትጽፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን ነው የጻፈችው» ነው፤ ወንድ ሲጽፍ «እንዴት ጻፈው» ይባላል። ልጅቷ ደግሞ ኦንዲን እየተባለች ነው ያደገችው፤ ራሷም ገጣሚ ነበረች፣ በ1853 ገና በ31 ዓመቷ ሞተች። ስሟ የተነሣው ለዚህ ቢሆን አይሻልም ነበር?

---

ፈረንሳይ ለጋሲዮን — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡42

ተቀጣሁ እህቴ። ኦንዲን ገጣሚ እንደነበረች አላውቅም ነበር፤ ከምር።

---

አምስተኛው በር — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡10

ከሐረር ሰላም። እናንተ ብራስልስና ፓሪስ ስትሉ እኔ ደግሞ ሴትዮዋን በእኛ ከተማ በኩል ላምጣት።

ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የምንለውን ታውቁታላችሁ። (እንግዳ ስናስጎበኝ የፊልሙን ራምቦ ፍለጋ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ቤቱንም ሰውየው ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ ሙዚየሙ ግን ያምራል።) ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ነው፤ ቡናና ቆዳ ሊነግድ፣ ግጥም ካቆመ በኋላ። ግጥም ሳያቆም፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1870 ከቤት ጠፍቶ የተጠጋው የት ይመስላችኋል? ዱዌ! የመምህሩ የኢዛምባር አክስቶች ቤት። ግጥሞቹን በደብተር የገለበጠው እዚያ ነው። መምህር አሁን እንዳሉት ማርሴሊን የተወለደችባት ከተማ መሆኗ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ የጻፈው ጓደኛው ቬርሌን ነው። የሴትዮዋን ስም እንሰማ ነበር፣ እዚህም እዚያም ውብ ነገር ያለበት ዝባዝንኬ ይመስለን ነበር፤ ራምቦ ግን ሁሉንም ካላነበብህ ብሎ አስገደደኝ ይላል። ቬርሌን «የተረገሙ ገጣሚዎች» ብሎ ስለ ዘመኑ ገጣሚዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1888ቱ ዕትም ውስጥ ከገቡት መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት። ራምቦ ራሱ በ1872 ግጥም በጻፈበት አንድ ወረቀት ጀርባ ላይ የእሷን ስንኝ ገልብጦ ተገኝቷል፤ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የራሱ ሲመስላቸው ኖረው ነው የማን እንደሆነ የታወቀው።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የእሷን ስም ሳላነሣ አልወጣም።

---

ውኃ ልክ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

የዱዌው ነገር ደስ ይላል፤ አላውቀውም ነበር። የመምህርንም ማብራሪያ ተቀብያለሁ፣ የ1819ኙ ነገር አሳማኝ ነው።

ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ የተተረጎሙላትን ወደ ሃያ ግጥሞች አነበብኩ። ለቅሶ ነው። ፍቅረኛዋ ሄደ፣ ለቅሶ። ልጇ ሞተ፣ ለቅሶ። በ1833 ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «እንባዎች» ነው! ሰዎቹም «የእንባዋ እመቤታችን» ብለዋታል አሉ። ሐዘን አክብሬ ነው የምናገረው፣ ግን አልቃሽና ገጣሚ አንድ ናቸው?

---

ወለላ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡25

አልቃሽ ተቀምጣ ስትገጥም ሰምተህ ታውቃለህ? የሟችን አባት፣ አያት፣ ጀግንነት፣ መልክ፣ ያላገባትን እጮኛ ሳይቀር በቤት በቤቱ አስገብታ፣ ሳትጽፍ፣ ሳትሰርዝ፣ ቤት እየመታች። «አልቃሽ» ስትል ያሳነስከው ማንን እንደሆነ አስበው።

---

ብራስልሷ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

ከሥራ አሁን ገባሁ፤ ክሩ እንዲህ ይሞቃል ብዬ አላሰብኩም። መምህር፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል።

ውኃ ልክ፣ ያነበብከው ምርጫ ነው ጥፋተኛው። ሰብሳቢዎቹ የሚያለቅሰውን እየለቀሙ ሌላውን ይተዉታል። አንድ ግጥም ልንገርህ።

ሊዮን ውስጥ የሐር ሸማኔዎች ነበሩ፣ «ካኑ» ይባላሉ። በ1831 ለደሞዝ ተነሡ፣ በ1834 ሚያዝያ እንደገና ተነሡ። ሁለተኛው አመፅ ስድስት ቀን ያህል ቆይቶ በመድፍ ነው የተደቆሰው። ማርሴሊን በዚያን ጊዜ ባሏ በቲያትር ቤቱ ተቀጥሮ ሊዮን ትኖር ነበር፤ ሁሉን አይታለች። የጻፈችው ግጥም «በጎዳና ላይ» ይባላል። በግጥሙ ውስጥ ድምፅ የምታሰማው አንዲት ሴት ናት፣ ቀጥሎ ብዙ ሴቶች እየተቀባበሉ። የመጀመሪያውን እንደ አቅሜ ልመልሰው፦

«ሙታኖቻችንን የምንቀብርበት ገንዘብ የለንም። ቄሱ ቆሟል፣ የቀብሩን ዋጋ እየተመነ። በጥይት የተበሳሱት ሬሳዎች ተጋድመው ይጠብቃሉ፤ መገነዣ፣ መስቀል፣ ጸጸት።»

«ጸጸት» የሚለውን መጨረሻ ላይ ማምጣቷን እየው። መገነዣና መስቀል በገንዘብ ይገኛል። ሦስተኛው ከገዳዩ ነው የሚጠበቀው። ይህን ግጥም በሕይወት ሳለች የሚያትምላት አላገኘችም።

---

ወለላ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

«መገነዣ፣ መስቀል፣ ጸጸት።» ሦስቴ አነበብኩት። ዕድር የሌለው ሰፈር ማለት ይህ ነው።

---

ውኃ ልክ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡31

እሺ። «አልቃሽ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ይህን የጻፈች ሴት ከሆነች እንደ አዲስ ነው የማነባት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ። ራምቦና ቬርሌን ያን ያህል የተንበረከኩላት በሐዘኗ ነው ወይስ በአጻጻፏ? ሐዘንማ ሁሉም ነበረው።

---

ሰንጎ መገን — እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ግጥም ስለካ የምውል ሰው ነኝ፣ ታገሡኝ።

የፈረንሳይኛው ዋና የግጥም ምጣኔ አሌክሳንድራን ይባላል። ዐሥራ ሁለት ቀለም (ቃሉ ሲነገር የሚሰማ የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው)፣ መሐሉ ላይ እረፍት፣ ስድስት በስድስት። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአማርኛው የወል ቤት ምጣኔ ነው! ስድስትና ስድስት። ዐሥር ቀለም ያለውም አላቸው፤ የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ አራትና ስድስት ነው የሚከፈለው፣ የእኛ ሰንጎ መገን ግን አምስት በአምስት። ዐሥራ ሁለቱም ዐሥሩም ለሁለት እኩል የሚካፈሉ ቁጥሮች ናቸው።

ማርሴሊን ያደረገችው ምንድነው? ዐሥራ አንድ። ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ምጣኔ ረጅም ግጥም ጻፈች። አምስት ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ ስድስት። በእኛ አነጋገር የፊተኛው እግር የሰንጎ መገን፣ የኋለኛው የወል ቤት! እስቲ ፈረንሳይኛውን በፊደላችን አንብቡት፣ በጣታችሁ እየቆጠራችሁ፦

ኦ ሾን ፓቴርኔል / ኤሪሴ ደ ሻርሚይ

አምስት፣ ስድስት። ልጅ ሳለች የምታውቀውን የዱዌን ገጠር ነው የምትጠራው፤ በሕልምና በንቃት መካከል። እኔ በዚያው ምጣኔ እንዲህ ሞከርኩት፦

ያባቴ ማሳ / አጥር የለበሰው፣
ሲመሽ በውስጡ / ኮረዳ ሚፈሰው፣

ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። ጆሮ አንድ ቀለም ይጎድለዋል፤ የሆነ ቦታ ያነክሳል። ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚጠብቅህ። ቬርሌን በኋላ ጎዶሎ ቁጥርን ምረጡ ብሎ የሰበከው፣ ራምቦ በ1872 «እንባ» የሚለውን ግጥሙን በዐሥራ አንድ ቀለም የጻፈው፣ ይህን ከእሷ ሰምተው ነው። ቬርሌን ራሱ ይህን ውለታ አልደበቀም። ውኃ ልክ፣ መልሱ ይኸው፦ በአጻጻፏ።

---

አምስተኛው በር — እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡35

«ሲያነክስ ነው ውበቱ» እንዳንል እግዜር ይጠብቀን 😄 ግን እውነት ነው፣ ድምፅ አውጥቼ ስለው የሆነ ነገር ሆድ ውስጥ ይገባል።

---

የጡረታ ጠመኔ — እሑድ፣ ከቀኑ 8፡45

ሰንጎ መገን፣ ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ሙሉ ውጤት ታገኝ ነበር።

በአንድ ነገር ላክልበት። ይህን ጆሮ ከየት አመጣችው ለሚል፣ ራሷ ለሃያሲው ለሴንት-ቡቭ በደብዳቤ ነግራዋለች። በሃያ ዓመቷ ከባድ ሐዘን ደርሶባት መዝፈን አቆመች፤ የገዛ ድምፅዋ ያስለቅሳት ስለነበር ነው። ሙዚቃው ግን በታመመ ጭንቅላቷ ውስጥ መንከባለሉን አልተወም፤ ሳታስበው፣ ሳታውቀው፣ ሐሳቧን በልክ በልኩ ያሰልፍላት ጀመር። ያን ጽፌ አየሁት፣ ግጥም ነው አሉኝ ትላለች። ከዚህ የተሻለ የግጥም ትምህርት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለተማሪ አላስተማርኩም።

ኑሮዋ እስከ መጨረሻው ስደት ነው፤ ሊዮን፣ ሩዋን፣ ቦርዶ፣ ፓሪስ፣ ቤት ማከራየት በማይወዱ አከራዮች መካከል። በ1838 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ሚላኖ ላይ ዘውድ ሲጭን ለበዓሉ የተቀጠረ የቲያትር ቡድን ውስጥ ባሏ ገብቶ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጣልያን ወረደ፤ አስቀጣሪው ከሰረና ደሞዝ ሳይከፈላቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከአምስት ልጆቿ ተርፎ የቀበራት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። እሷ በ1859 ፓሪስ ውስጥ ሞተች። እነዚህ የምናወራቸው ግጥሞች፣ የሳዲ ጽጌረዳዎችም፣ የዐሥራ አንድ ቀለሙም፣ በመጽሐፍ የተሰበሰቡት በዓመቱ በ1860 ጄኔቭ ላይ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ «ሴቶች መጻፍ እንደማይገባቸው አውቃለሁ፤ ግን እጽፋለሁ» የሚል አለ። ወለላ፣ ይህ ላንቺ ነው።

ብራስልሷ ልጄ፣ ጥያቄሽ ግን ትርጉሙ ነበር። ሌሊቱን ስታገል አድሬ ይህን አመጣሁ። ዋናው በዐሥራ ሁለት ቀለም ስለሆነ በወል ቤት ነው፤ ሦስት ሦስት ስንኝ፣ የየሦስተኛው ቤት እንደ ፈረንሳይኛው አንድ ዓይነት።

ላመጣልህ ብዬ / ማለዳ ተነሥቼ፣
ጽጌረዳ ቀጥፌ / መቀነቴን ሞልቼ፣
ቋጠሮው ጠበቀ / መያዝም አቃተው።

ቋጠሮው ተፈታ / ነፋስ ወሰዳቸው፤
ባሕር ላይ ወደቁ / አንድ ሳይቀር ሁላቸው፤
ውኃ ተከተሉ / ላይመለሱ ሸሽተው።

ማዕበሉ ቀላ / እሳት መሰለና፤
ቀሚሴ ላይ ማታም / መዓዛው አለና፣
ናና ትዝታውን / ከላዬ አሽትተው።

---

ፈረንሳይ ለጋሲዮን — እሑድ፣ ከቀኑ 9፡10

መምህር። ቃል የለኝም። «ትዝታውን አሽትተው» ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፈረንሳይኛው ላይ «ትዝታ» የሚለው አለ ወይስ እርስዎ ናቸው ያመጡት? የእኛ ትዝታ ቅኝት ያለበት ቃል ነውና።

---

የጡረታ ጠመኔ — እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

አለ፤ እንዲያውም የግጥሙ መጨረሻ ቃል «ሱቭኒር» ነው፣ «መዓዛ ያለው ትዝታ» ነው የምትለው። ቅኝቱ የእኛ ነው፣ ቃሉ የእሷ።

---

ውኃ ልክ — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05

አሁን ደግሞ ገምጋሚ ልሁን። ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ብራስልሷ «አልችል ብሎ ለቀቀ» ስትል፣ መምህር «ተፈታ» ሲሉ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያየሁት ግስ የሚለው «ፈነዳ» ነው። ተፈታ ለስላሳ ነው፤ የታሰረን ሰው ሊፈታው ይችላል። ይህ ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ነው የሄደው።

ሁለተኛ፣ ሳዲ ማነው? ስሙ ርዕሱ ላይ ተቀምጦ ማንም አልጠየቀም።

---

ሰንጎ መገን — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡40

ሳዲ የሺራዝ ፋርሳዊ ገጣሚ ነው፤ «ጉሊስታን» የሚባለውን መጽሐፍ የጻፈው በ1258 ነው። መግቢያው ላይ አንድ መናኝ በተመስጦ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ጓደኞቹ «ከዚያ ከነበርክበት የአትክልት ቦታ ምን ይዘህልን መጣህ?» ይሉታል። «ልብሴን አበባ ልሞላላችሁ አስቤ ነበር፤ ግን የጽጌረዳው መዓዛ አሰከረኝና ልብሴ ከእጄ አመለጠ» አለ።

አሁን የለወጠችውን ተመልከቱ። መናኙ ለጓደኞቹ ነበር፤ እሷ ለአንድ ሰው አደረገችው። የእሱ ልብስ ከእጁ ያመለጠው ስለሰከረ ነው፤ የእሷ ቋጠሮ የለቀቀው ስላበዛች ነው። ባሕሩንና እሳት የመሰለውን ማዕበል ከሳዲ አላገኘሁትም፤ እኔ እንጃ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እናቷን ማዶ ቀብራ የተሻገረችውን ባሕር ነው የማየው። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሽታ ይዞ መጣ የሚለውን ደግሞ በሴት ቀሚስ ላይ አሳረፈችው። ስምንት መቶ ዓመት የሚጠጋ ነገር በመቀነት ተቋጥሮ ወደ እኛ መጣ።

«ፈነዳ» በቀለም ልክ ነው፣ ሦስት ነው። «ቋጠሮው ፈነዳ»። ግን ቋጠሮ ይፈነዳል?

---

ወለላ — እሑድ፣ ከቀኑ 11፡00

አይፈነዳም፤ እባጭ ነው የሚፈነዳ። ተፈታ ይቆይ።

በነገራችን ላይ ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት እንል የለ? ማዕበሉ ቀልቶ ሲታይ እኔ ያየሁት እሱን ነው። ከግጥሙ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አማርኛ ሲሆን አብሮ መጣ።

---

ብራስልሷ — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

መምህር፣ አመሰግናለሁ ማለት ያንስብኛል። ለእናቴ ስልክ ደውዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «መቀነቷን አንድ ዙር ብቻ ነው የጠመጠመችው ማለት ነው» አለችኝ። 😂 ጥብቅ አድርጎ ከሁለት ዙር በላይ የጠመጠመ ሰው አይፈታበትም አለች።

አንድ ቃል ብቻ ልድፈር። «ላይመለሱ ሸሽተው» ላይ ትንሽ ተሰናከልኩ። አበቦቹ አልሸሹም፤ ማንም አላባረራቸውም። ውኃው ሲሄድ አብረው ሄዱ፣ ያ ብቻ ነው። ቤቱ «-ተው» መሆን ስላለበት እንደመረጡት ገብቶኛል። «ወጥተው» ቢባልስ? ሁለት ቀለም ነው፣ ቤቱን ይመታል። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው፤ ወጥቶ ቀረ፣ ወጥታ ቀረች።

---

የጡረታ ጠመኔ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

«ላይመለሱ ወጥተው።» ሌሊቱን ሙሉ ስፈልገው ያደርኩት ይህንን ነበር።

ከላይ ላስተካክለው ብል ገጹ «የማረሚያ ጊዜው አልፏል» አለኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ ይህን ክር የምታነቡ ሁሉ፣ «ሸሽተው» የሚለው ላይ ስትደርሱ «ወጥተው» ብላችሁ አንብቡልኝ።